በአርባኛው ቀን የወጣው ዘፈን

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። እውነት ነው። ኑሕ በሕይወት እያለ ዞር ብሎ አይቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ዛሬ «እኔ እኮ ድሮም ጎበዝ እንደሆነ አውቅ ነበር» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ውሸታም ሁላ! ድሮ ክሊፑን ስልክላችሁ «ዳታ ይበላል» ብላችሁ ሳትከፍቱት ያለፋችሁት እናንተ አይደላችሁም?

ይቅርታ፣ ሳንተዋወቅ ተቆጣሁ። ናዝራዊት ወልደ አማኑኤል እባላለሁ። ቤቴል አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። የሰርግ ጥሪ፣ የምርቃት ባነር፣ የአርባና የሙት ዓመት ፖስተር እሠራለሁ። ኑሕ ፍቅረኛዬ ነበር። ቀን አየር ጤና አጎቱ ጋ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ ከሥራ ሲወጣ ራፕ ያደርጋል። ተወልዶ ያደገው ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ስለሆነ የመድረክ ስሙን «ኑሕ 18» ብሎት ነበር። የእኔ አባት ጡረታ የወጣ የባንክ ኃላፊ ነው፤ የእሱ እናት ቅመም ቸርችረው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። እኛ ኦርቶዶክስ፣ እነሱ ሙስሊም። ሦስት ዓመት ስንዋደድ እሱ የኛን በር፣ እኔ የእነሱን በር ረግጠን አናውቅም።

የእነሱን በር ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጥኩት ለለቅሶ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ ፍሬን የበጠሰ ገልባጭ መኪና መንገድ ዳር አገኘው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። እኔ የሰማሁት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከፌስቡክ ነው። በኛ ቤት ቢሆን ሬሳ ያድራል፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ እደርስ ነበር። በማግስቱ ጥቁር ለብሼ ሄድኩ። ሴቶቹ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጮክ ብዬ ሳለቅስ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ በኛ አይፈቀድም» አሉኝ። ምኑ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «የሱቁ ደንበኛ ነኝ» አልኩ። የሦስት ዓመት ፍቅረኛው መለዋወጫ ገዢ ሆኜ፣ አፌን በነጠላ አፍኜ አለቀስኩ።

እናቱ እማማ ሃጂራ ከወዲያ ጥግ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። ፎቶዬን አሳይቷቸው ስለነበር አውቀውኛል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ መለሱ። ያቺን አስተያየት ጥላቻ ነው ብዬ ይዣት ወጣሁ። ጠላኋቸው።

ከሞቱ ዘጠኝ ቀን በፊት ኑሕ በቴሌግራም አንድ ዘፈን ልኮልኝ ነበር። «ስሚውና ደውዪልኝ፣ እለምንሻለሁ» ይላል ከሥሩ። ተጣልተን ስለነበር አልከፈትኩትም። ሞቶ ነው የሰማሁት። ለእኔ ነበር የተጻፈው፤ ሰምቼ ስጨርስ እንደገና፣ እንደገና አደረግኩት። ከዚያ አርባ ቀኑ ደረሰ። በኛ ዘንድ ሰው አርባው ዝም ተብሎ አይታለፍም። «ለእሱ ማን ያወጣለታል?» አልኩና እኔ አወጣሁለት። የዩቲዩብ ቻናሉ ድሮውንም በእኔ ኢሜይል የተከፈተ ነው። ያደሳን፣ የስቱዲዮውን ልጅ፣ ጥራት ያለውን ቅጂ ጠየቅኩት፤ ሰጠኝ። ፎቶውን አሳምሬ፣ ከጎኑ ሻማ አድርጌ፣ «የአርባኛ ቀን መታሰቢያ» ብዬ ጻፍኩና ለቀቅኩት።

በሦስት ቀን ሁለት መቶ ሺህ ሰው ሰማው! በሕይወት እያለ ሁለት መቶ ሰው ያልሰማውን ልጅ። ከአየር ጤና ቤቴል በምሄድበት ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቆት፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች በቃላቸው ይሉታል፦

እኔ የማዞሪያ ልጅ፣ ዞሬ ዞሬ ካንቺ፣
ስሜን ለሰው ስጪ፣ እኔን ግን አትስጪ።

«እኔ ነኝ እኮ! አንቺ የሚላት እኔን ነው!» ልላቸው አሰኘኝ። ኩራቱና ሐዘኑ ተደባልቆብኝ «ወራጅ» ሳልል አንድ ፌርማታ አለፈኝ።

*

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ እማማ ሃጂራ ማተሚያ ቤት ድረስ መጡ። ሴት ልጃቸው ሃፊዛ ክንዳቸውን ይዛለች። ደነገጥኩ፤ ግን ደስም አለኝ። ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ነበር፣ ጉዴን ስሙልኝ!

«ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ። እርስዎ ደህና ነዎት? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ለናሙና የሰቀልኳቸውን የሟቾች ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዘፈኑን ያወጣሽው አንቺ ነሽ አሉ» አለች ሃፊዛ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«አጥፊልኝ» አሉ እማማ ሃጂራ።

የሰማሁት አልገባኝም። «ምን አሉኝ እማማ?»

«አጥፊልኝ። በአላህ ይዤሻለሁ። ልጄ ቀብር ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ትቶት የሄደው ነገር ግን ይከተለዋል። መልካም ከተወ መልካም፣ ወንጀል ከተወ ወንጀል። ያ ሙዚቃ በተከፈተ ቁጥር እሱ ላይ ይጻፍበታል። ሁለት መቶ ሺህ ሰው ሰማው እያሉ ጎረቤቶቼ ደስ ብሏቸው ይነግሩኛል። እኔ እንቅልፍ የለኝም። ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ! አንድ ልጅ ይሄን ሁሉ እንዴት ይችለዋል?»

«እማማ፣ ስድብ የለበትም እኮ። ፍቅር ነው የሚያወራው።»

«ደግሞ በአርባ ቀኑ፣ ሻማ አብርተሽ!» አሉ፣ እንዳልሰማ ሰው። «አርባ የሚባል እኛ ቤት የለም። ሻማ የለም። ልጄን ምን አደረግሽው?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስለ ሻማው ያሰብኩት ያን ጊዜ ገና ነው። በቀን ሦስት አራት የአርባ ፖስተር የሚሠራ እጅ ለምዶበት ሻማ አስቀመጠ። ከሦስት ዓመት ፍቅር በኋላ ኑሕ ሙስሊም መሆኑን እጄ አላወቀም። አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ እቆጣለሁ፤ ክፉ ዓመሌ ነው።

«ሻማውን አሁኑኑ አነሳዋለሁ። ዘፈኑን ግን አላጠፋም» አልኳቸው። «በሕይወት እያለ ከለከላችሁኝ። ሲሞት እንኳ ደንበኛ ነኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ፎቶው ከናንተ ነው፣ ልብሱ ከናንተ ነው፣ መቃብሩም የናንተ ነው። ለኔ የቀረኝ ይሄ ድምፅ ብቻ ነው። ይሄንንም ልትወስዱብኝ ነው?»

«ናዝራዊት፣ እናት ናት እኮ!» አለች ሃፊዛ።

«እኔስ ማን ነኝ?»

 እማማ ሃጂራ የሻርፓቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሌላም አለ። ወንጀሉን እንኳ ዱዓ አደርግለታለሁ። ራፑን ትቻለሁ ብሎኝ ነበር። ወላሂ ብሎ ማለልኝ። ይሄ ዘፈን ደግሞ አዲስ ነው፣ ማንም ሰምቶት አያውቅም አሉኝ። ከማለልኝ በኋላ ነው የዘፈነው ማለት ነው። በፈጣሪ ስም ምሎ፣ እናቱን ዋሽቶ ነው የሞተው።» ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ። «ልጄ ውሸታም አልነበረም። በልጅነቱም ብርጭቆ ሲሰብር እኔ ነኝ ብሎ የሚመጣ ልጅ ነበር።»

ልቤ ደነገጠ። ግን ዘፈኑን መስጠት አልቻልኩም፣ አልሆንልሽ አለኝ። ብልጠት መጣልኝ።

«እማማ፣ ሙዚቃውን ባወጣውስ? ከበሮ የለ፣ ፒያኖ የለ፤ ድምፁ ብቻ ይቅር። እንደ ነሺዳ።»

እናትና ልጅ ተያዩ።  የልጃቸውን ድምፅ መስማት እንደናፈቃቸው ፊታቸው ላይ አየሁ፤ እኔም ያንኑ ናፍቆት መያዣ አደረግኩባቸው።

«መጀመሪያ ምን እንዳለ ልስማው» አሉ በመጨረሻ። «መጥፎ ቃል ከሌለበት ሸኹን እጠይቃለሁ። ካለበት ግን ታጠፊልኛለሽ። ቃልሽን ስጪኝ።»

ቃሌን ሰጠሁ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ውስጤ ሞቀ።

*

ስለ ጠባችን ሳልነግራችሁ ወደ ስቱዲዮው አልወስዳችሁም።

እሁድ ነበር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ቤቴል ሁልጊዜ የምንገናኝበት ካፌ። ኑሕ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ቁጭ ከማለቱ ሰዓቱን አየ። ማኪያቶዬን እስክጨርስ እንኳ አላስቻለውም።

«ራፕ ትቻለሁ» አለኝ፣ ጥርሱን ገልጦ።

«ምን አልክ?»

«ትቻለሁ፣ በቃ። ለእማዬ ማልኩላት።»

ፈገግታው ነው ያቃጠለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ፖስተሩን ስሠራ፣ ቻናሉን ስከፍት፣ ለሰው ሁሉ ስልክለት፣ ስለምን ኖሬ፣ እሱ እናቱ አንድ ቃል ስትለው እየሳቀ ይተወዋል?

«ማን ነው ያስተወህ? እሷ ናት?»

«ናዝሬ፣ አንዴ አስጨርሺኝ…»

«ምኑን ነው የማስጨርስህ? ዛሬ ራፑን ተው አለችህ፣ ተውክ። ነገ ያቺን ክርስቲያን ተዋት ትልሃለች፣ ትተወኛለህ። ለነገሩ እስከ ዛሬስ መቼ ያዝከኝ?»

«ተነሺና አብረን እንሂድ። መንገድ ላይ እነግርሻለሁ። ነይ ብቻ።»

«የትም አልሄድም! አንተ ያለ እናትህ ፈቃድ አስፋልት ተሻግረህ ታውቃለህ?»

ጮኼ ነበር። አጠገባችን ያሉት ዞረው አዩት፤ አንዱማ ሳቀ። ኑሕ ፊቱ ቀላ። መልሶ አልሰደበኝም። አየኝ ብቻ፤ ስጦታ ይዞ መጥቶ በር ላይ እንደተመለሰ ሰው ያለ አስተያየት ነበር። ያን ጊዜ ግን ፈሪነት ብዬ ተረጎምኩት። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ቤቴ ሳልደርስ ዘፈኑን ላከልኝ። ሳልሰማው ብሎክ አደረግኩት፤ በስልክም፣ በቴሌግራምም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አኩርፌ፣ መጥቶ እስኪለምነኝ ጠበቅኩ። ማክሰኞ ማታ እከፍትለታለሁ ብዬ ለራሴ ቀን ቆርጬ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ንዴቴ የት ይሂድ? እናቱ ላይ አስቀመጥኩት።

*

ያደሳ ስቱዲዮ አስራ ስምንት ማዞሪያ ከኪዮስኮቹ ኋላ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ጎን ባለች ጠባብ መግቢያ ነው የሚገባው። ማተሚያ ቤት በተነጋገርን ማግስት፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሦስታችንም ሄድን። እማማ ሃጂራ በመጠጥ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ያደሳ ሲያያቸው ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ሳማቸው። ከኑሕ ጋር አብሮ አደጎች ናቸው፣ በልጅነቱ ቤታቸው ስንት ቀን በልቷል።

«ሙዚቃውን አጥፋና ድምፁን ብቻ አሰማን» አልኩት።

«ለምን?» አለ ያደሳ። ዓይኑ ሸሸኝ።

«ዝም ብለህ አድርገው።»

ኮምፒውተሩን ከፈተ። ከበሮው ለብቻው፣ ፒያኖው ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው ተደርድረው ይታያሉ። አንድ በአንድ ዘጋቸው። ከዚያ የኑሕ ድምፅ ብቻውን መጣ፣ ራቁቱን፣ አጠገባችን ቆሞ የሚያወራ ያህል። ሃፊዛ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ሃጂራ ወለሉን እያዩ ነበር የሚሰሙት።

ሁለት በር አለብኝ፣ በሁለቱም ቆሜ፣
ባንዱ እናቴ አለች፣ ባንዱ አለሽ ሕልሜ።

«እኔንም ብሎኛል?» አሉ፣ ለራሳቸው።

ሲያልቅ እማማ ሃጂራ ዓይናቸውን ጠርገው «መጥፎ ቃል የለበትም» አሉ። «እንግዲህ ሸኹን እጠይቃለሁ።»  ዘፈኔ ሊተርፍልኝ ነው! በዚያው ቅጽበት ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነገር አየ። ዲዛይነር ነኝ፣ ትንሽ ነገር አያመልጠኝም። የመጀመሪያው ስንኝ ከመጀመሩ በፊት፣ ለብቻዋ የተቆረጠች የድምፅ ቁራጭ ተዘግታ ተቀምጣለች።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«እሷ… ምንም አይደለችም። ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው» አለ ያደሳ፣ ፈጠን ብሎ። ያደሳ ደግሞ በሕይወቱ ፈጥኖ መልስ የሰጠ ሰው አይደለም።

«ክፈታት።»

«ናዝሬ፣ ተያት። ለራስሽ ብዬ ነው።»

«ክፈታት አልኩህ!»

እምቢ ሊለኝ እማማ ሃጂራን አየ። «ጉሮሮውን ሲጠርግም ቢሆን ልስማው ልጄ» አሉት። ከፈታት።

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ የኑሕ ሳቅ። ሳቁን ከሰማሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነበር።

«ያደሳ፣ እየቀዳህ ነው? እሺ ስማኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ለእማዬ ከእሁድ ጀምሮ ብዬ ነው የማልኩላት፤ ስለዚህ አላጭበረበርኩም፣ ልብ በልልኝ። ከዚህ በኋላ ማይኩን ለፈለግከው ስጠው። እማዬ ሸኹን ጠይቃ እሺ ብላለች። ራፑን ተውና ልጅቷን አምጣት አለችኝ። ናዝሬን እኮ ነው! ስትሰማ ምን እንደምትሆን ይታየኛል፣ ካፌውን ነው የምታፈርሰው። ነገ ነግሬያት ቤት ይዣት እሄዳለሁ። ይሄን የምቀዳው ለሷ ብቻ ነው። እንዳታወጣው፣ ማንም እንዳይሰማው፤ አደራ። ሌላውን ሁሉ ሰው ይውሰደው፣ ይሄ የሷ ነው። በል ልቀቀው።»

ቁራጩ አለቀ።

እማማ ሃጂራ ከወንበራቸው ተነሱ። «ከእሁድ ጀምሮ!» አሉ። «አዎ፣ ከእሁድ ጀምሮ ነው ያለኝ። ሃፊዛ፣ ሰማሽ? አልዋሸኝም! ልጄ አልዋሸኝም!» ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ እንባቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። ሃፊዛ አቅፋቸው ታለቅሳለች።

እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። እናቱ ከለከለችኝ ያልኩት፣ ፈቅዳልኝ ነበር። ተወኝ ያልኩት፣ የሚወደውን ነገር የተወው ለእኔ ሲል ነበር። እየሳቀ የመጣው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አዋረድኩት፣ ዘጠኝ ቀን በር ዘጋሁበት፣ ሲሞት ደግሞ ለእኔ ብቻ የሰጠኝን ለሁለት መቶ ሺህ ሰው በተንኩት። እናቱ ላይ ያስቀመጥኩት ንዴት ዞሮ መጣብኝ፤ የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም።

«ታውቅ ነበር» አልኩት ያደሳን። «ቅጂውን ስጠይቅህ ታውቅ ነበር!»

«አውቅ ነበር» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ከሠራኋቸው ሁሉ ምርጡ ሥራዬ ነው ናዝሬ። ስንት ዓመት ማንም ሳይሰማኝ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ። ልቅበረው? አልቻልኩም።»

«አደራ ብሎህ እኮ ነው!»

«አንቺንስ ደውዪልኝ ብሎሽ አልነበር?»

 እንዲያ ያለ ጥፊ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም፤ ጥፋተኛ ሰው የመታኝ፣ ግን ልክ የሆነ ጥፊ።

ስልኬን አወጣሁ። ቻናሉን ከፈትኩት፤ ቁጥሩ ሦስት መቶ ሺህ አልፏል። እማማ ሃጂራ አይተውኝ «ቆይ ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «ድምፁን ብቻ ማስቀረት ከፈለግሽ ሸኹን ልጠይቅልሽ እኮ።» ያን ሁሉ የተከራከርኩበትን ነገር በእጃቸው ይዘው ሊሰጡኝ ነው፤ አሁን አልፈልገውም። እሱ ማንም እንዳይሰማው ብሏል። ቴሌግራም ላይ የተበተነውን ማን ይሰበስበዋል? በእኔ እጅ ያለውን ግን ማጥፋት እችላለሁ። ስልኩ «ለዘለዓለም ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ቴሌግራም ላይ የላከልኝንም ከነመልእክቱ አጠፋሁት፤ እኔም ልሰማው አይገባኝም ብዬ። በዚህኛው ግን እስካሁን እጸጸታለሁ፣ አልዋሻችሁም።

*

ያደሳን ሳልሰናበተው ወጣሁ። ሃፊዛ ታክሲ ልትይዝ ወደ ማዞሪያው ቀደመች። እማማ ሃጂራ እጄን ይዘውኝ ቀስ እያልን ሄድን። እጃቸው ሻካራ ነው፣ የበርበሬ ሽታ አለው። እንዲህ እጄን ይዘውኝ ከሦስት ዓመት በፊት በሄድን ኖሮ እያልኩ ነበር።

«ያን እሁድ ጠብቄሽ ነበር እኮ» አሉኝ ድንገት።

«የቱን እሁድ እማማ?»

«ራፑን የተወ ለታ። ለምሳ ይዣት እመጣለሁ ብሎ ወጣ። ሸሚዙን እኔው ነኝ የተኮስኩለት። የኛን እርድ እንደማትበይ አውቃለሁ፤ ሃፊዛን ልኬ ዓሣ አስገዛሁና ዓሣ ሠራሁልሽ። ሠርቼ አላውቅም ነበር፣ ጎረቤት ጠይቄ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን።»

 መሬቱን እያየሁ ነበር የምሄደው።

«ብቻውን ተመለሰ። እማዬ፣ አሟት ነው የቀረችው፣ ልትመጣ ለብሳ ነበር አለኝ። በጣም አዘነ። ምሳውንም አልነካው። ለቅሶ ላይ ሳይሽ ተሽሎሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነበር፣ ሰው ፊት አሳፈረኝ።» ቆም አሉና ፊቴን አዩኝ። «ምን ነበር ያመመሽ ልጄ?»

አልታመምኩም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ደህና ነበርኩ፣ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነበር፣ ልጅዎን ሰው ፊት አዋርጄ ነው የላክሁልዎት፤ ይሄን ልላቸው ነበር። መናዘዝ አማረኝ፣ እንዲሰድቡኝ አማረኝ። ግን ይሄን ካልኩ ያን እሁድ ኑሕ ዋሽቷቸዋል ማለት ነው። መሐላው በጀመረበት በዚያው ቀን፣ ለእኔ ክብር ብሎ። ገና አሁን፣ ከሩብ ሰዓት በፊት «ልጄ አልዋሸኝም» ብለው ቀና ያሉ እናት ናቸው።

«ጨጓራዬን ነው» አልኳቸው።

«ውይ! ጨጓራ ክፉ ነው» አሉ፣ ከልባቸው። «ተልባ በጥብጠሽ በባዶ ሆድሽ ጠጪበት። የቆላሁት አለ፣ በሃፊዛ እልክልሻለሁ።»

ላኩልኝም። አሁን በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ይደውሉልኛል። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ጨጓራዬን ነው። ተሽሎኛል ብያቸው አላውቅም።